የታችኛው ዋሻ

ከሳጥኔ ሥር የመዳፍ ስፋት ያላት፣ ከበግ ጠጉር የተሸመነ የባና ቁራጭ አለች። ልጄ ባየቻት ቁጥር፣ «ይሄን የሚሸት ነገር አትጥይውም?» ትለኛለች። ይሸታል፤ አልዋሽም። ዝናብ ሲያካፋ የበጉ ጠጉር ሽታ ይነሳና ቤቱን ይሞላዋል። ያን ጊዜ እንደ አዲስ እናደዳለሁ። የስንት ዓመት ንዴት ነው፣ አልበርድ ያለኝ!

ያኔ ከባሌ ቤት ኮብልዬ አክስቴ ዘንድ የተጠጋሁ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የኮበለልኩትም በአፌ የተነሳ ነው፤ አፌ አያርፍም። አክስቴ ግን ቃል የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ባሏ በጠላት ዘመን አርበኛ ነበር። ቆስሎ ገደሉ ውስጥ ካለ ዋሻ ገብቶ እዚያው ሞተ፤ እሷም ብቻዋን የዋሻውን አፍ በድንጋይ ገጥማ ዘጋችው። ጠላት ሲወጣ አጥንቱን ደብሩ ልታስገባ ተነሳች። ጭቃ ሹሙ፣ «እንዳትነኪው! መንግሥት ራሱ በክብር ያስገባዋል» ብሎ ከለከላት። አንቱታውን ዛሬም አልሰጠውም። ያችን ቃል አምና ከአሥር ዓመት በላይ ጠበቀች።

በመጨረሻ የቀብሩ ቀን በዘመሮ ገበያ ተለፈፈ። አክስቴ የራሷን በጎች ጠጉር ፈትላ፣ ቀየት መንደር ድረስ ሄዳ ለሸማኔ ሰጥታ ባና አሠራች። ባሏ በዚያ ተጠቅልሎ እንዲገባ ነው።

የቀብሩ ዕለት ጎህ ሲቀድ ወደ ዋሻው ተነሳን። መንገዱ የገደሉን አፋፍ ይዞ ነው የሚሄደው። በግራችን የጓሳው ሣር ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል፤ በቀኛችን መሬቱ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ጉም ብቻ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከአፋፉ ሥር ይንጫጫሉ። አክስቴ ባናውን አዝላ፣ እንዝርቷን እያሾረች ትራመዳለች፤ የእኛ አገር ሴት መንገድም ላይ ቢሆን እጇን አታሳርፍም። አልፎ አልፎ ብቻ እንዝርቷ ይቆማል። «እዚህ ድንጋይ ላይ በሶ አስቀምጥለት ነበር» አለችኝ። ትንሽ እንደ ሄድን ደግሞ፣ «እዚህ ጋ የጠላት አውሮፕላን መጣና አስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ተኛሁ፤ ቀኑን ሙሉ» አለች። እግሬ ሥር የዛገ የጥይት ቀለህ አግኝቼ አነሳሁ። «ጣይው» አለችኝ፤ ጣልኩት።

ፀሐይ ጉሙን ስትገልጠው ዋሻዎቹ ታዩ። ሁለት ናቸው። የላይኛው መንገዱ ዳር ነው፤ በቅሎ ከነጭነቷ ያስገባል። ባሏን ፍለጋ መጥተው በእሱ ጥይት የወደቁ ሁለት ባንዳዎች እዚያ ተጥለው ቀርተዋል፤ ከሩቅ አገር የመጡ ስለነበሩ የፈለጋቸው የለም። ባሏ ያለበት የታችኛው ጋ ለመድረስ ግን የአስታ ሥር እየጨበጡ በገደሉ መውረድ ነው።

አክስቴ ጎንበስ ብላ ወደ ታች አየች። የደረደረችው ድንጋይ ሽበት አብቅሎ እንዳለ ነው፤ አንዱም አልተነካም። ወደ ላይኛው ገባን። ባዶ ነበር፤ አፈሩ ገና በቅርቡ ተቆፍሯል።

«የወሰዱት እነሱን ነው» አለች። እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ።

ለካ ጭቃ ሹሙ የላካቸው ሰዎች ገደሉን ፈርተው፣ ከቀረባቸው ዋሻ ያገኙትን አጥንት ለቅመው ሄደዋል!

እየሮጥን ደብሩ ስንደርስ ባንዲራ የለበሰው ሳጥን ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ጥይት ይተኮሳል። ጭቃ ሹሙ ከከተማ የመጡ ሹማምንት መሐል ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። አክስቴ ሰዉን ሰንጥቃ ገብታ፣ «ይሄ የኔ ባል አይደለም! ሊገድሉት የመጡት ናቸው!» አለች።

«ሐዘን ነው፣ ያዟት» አለ ጭቃ ሹሙ፣ ለእንግዶቹ ፈገግ እያለ።

እኔ አላስቻለኝም። «ገደሉን ፈርታችሁ ነው! ባንዳ በአርበኛ ስም ትቀብራላችሁ?» ብዬ ጮህኩ። አሽከሩ በጥፊ አጮለኝ፤ ጆሮዬ እስኪመሽ ጮኸ።

አክስቴ አላለቀሰችም። ያን ሁሉ መንገድ ተመለስን። ተያይዘን ገደሉን ወረድን፣ ድንጋዩን አነሳን፤ የቀበቶው ዘለበት ሳይቀር እዚያው ነበር። አንድ በአንድ ለቅማ በባናው ጠቀለለችው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንደገና ደብሩ በር ላይ ቆምን። የንስሐ አባቷ ቄስ ለሹማምንቱ ከተደገሰው ግብር ተነስተው ወጡ።

«አባ፣ ባሌን አመጣሁት።»

ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ልጄ፣ እሱኮ ዛሬ ጧት ተቀብሯል። ተጽፏል። አንድ ሰው ሁለቴ እንዴት ብዬ ልቅበር? ጭቃ ሹሙ ከደብሩ ያስነሱኛል።»

«ታዲያ ይሄ ማን ነው?»

ቄሱ በሩን ዘጉት። ቀስ ብለው ነው የዘጉት፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ባልየው ከቤቱ ገባ፤ ጎታው ጀርባ። እንግዳ ሲመጣ አክስቴ ነጠላዋን ጣል ታደርግበታለች። ደብሩ ውስጥ ደግሞ ስሙ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ፣ በየዓመቱ ሹም እየመጣ አበባ ያኖርለታል! አንድ ሰው እንኳ ይቅርታ ሳይጠይቃት አረጀች።

ስትሞት የገነዝኳት እኔ ነኝ። ሰዉ፣ ያረጀው ጭቃ ሹምም ሳይቀር፣ ውጭ ሲጠብቅ ባናውን ከጎታው ጀርባ አወጣሁ፣ ጥጉን ቆረጥኩና የቀረውን ከነአጥንቱ ጎኗ አስተኛሁት። ሰሌኑን ጠቅልዬ አጥብቄ አሰርኩ። ዳገቱ ላይ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን እየተቀባበሉ፣ «ይቺ ኮሳሳ ሴትዮ እንዴት እንዲህ ከበደች?» ተባባሉ። ያው ቄስ ሰምተው ቀና ብለው አዩኝ። እኔ፣ አፌ የማያርፈው፣ ዝም አልኩ።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ስንደርስ ቄሱ የአክስቴን የክርስትና ስም ጠርተው ጸለዩ። ጥቂት ቆዩና የባሏንም ጠሩ፤ ጭቃ ሹሙ እንዳይሰማ በሹክሹክታ።