ለባልንጀራ ሁለት ተኩስ

ሰው ጠመንጃው ሲወሰድበት ይናደዳል፣ ይሳደባል፣ ጫካ እገባለሁ ይላል። አማቴ ግን ለቅሶ መሄድ ተዉ።

በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ለቅሶ የማይደርስ ሰው በቁሙ የሞተ ነው፤ የእሱ ቀን ሲመጣም የሚያለቅስለት አይገኝም። እሳቸው ደግሞ ከሰው መሀል ቆመው የሚመለሱ ለቀስተኛ አልነበሩም። በደብራቸው ወንድ ሲቀበር የሚተኩሱት እሳቸው ነበሩ። ሬሳው ከጉድጓዱ አፍ ሲደርስ ወደ ሰማይ ሁለት ጊዜ ይተኩሳሉ፤ አፈር የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አይተኮስም። አንድ ተኩስ ለጅብ ነው ይላሉ። መንግሥት በተለወጠ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሣሪያ ሲሰበሰብ ምንሽራቸውን አስረክበው ባዶ ትከሻቸውን ይዘው ቤት ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የሞት ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ወገባቸውን ያማቸው ጀመር።

እኔ የእህል ነጋዴ ነኝ፤ ትንሽ ሱቅም አለችኝ። ከቡሬ እስከ ጅጋ ያለውን ገበያ ስመላለስበት ያረጀሁ፣ ፊደልም ከጆንያ ላይ የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ስለ ጠመንጃ የማውቀው ከፊቱ አለመቆምን ብቻ ነበር። ሚስቴ ግን አላስቀምጥ አለችኝ።

«አባቴ ሳይቀበር አፈር ለበሰ። አንተ ሁሉን ነገር ከገበያ ታመጣለህ፤ አንድ ጠመንጃ ታጣለህ?»

«ጠመንጃ ጤፍ አይደለም» አልኳት።

«ላንተ ጤፍ ያልሆነ ነገር መቼ ታይቶህ ያውቃል!»

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ዝም ብዬ አሳልፈው ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የአማቴ ባልንጀራ አልጋ ያዘ። ሁለቱ አብረው ከብት ያገዱ፣ አንዱ ላንዱ ሚዜ የሆኑ ናቸው። በጉልምስናቸው ዘመን «ቀድሞ ለሞተው የቀረው ይተኩስለታል» ተባብለው ተማምለዋል። ሰውየው እህል መቅመስ ሲያቅተው አማቴ ሊጠይቁት ሄዱና ሲመለሱ ከደጄ ቆሙ።

«ምን አለኝ መሰለህ?» አሉኝ። «‹ምነው ዘገየህ፣ ጠመንጃ እየፈለግህ ነው?› ብሎ ሳቀብኝ። የሚስቅበት ጉልበት እንኳ የለውም እኮ።»

ፍለጋ ጀመርኩ። ደህና ጠመንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ ደግሞ ከጠመንጃው ይበልጥ ይጠፋል። በመጨረሻ ከጅጋ ወዲያ ካለ መንደር ጤፍ የሚያመጣልኝ ገበሬ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ባለ ሁለት አፈሙዝ አሮጌ ጠመንጃ እንዳላት ነገረኝ። በአፉ ባሩድ አጉርሰው፣ ጨርቅ ጠቅጥቀው፣ ከኋላ ምላሱ ላይ እሳት የምትወልድ ትንሽ የመዳብ ቆብ ደፍተው የሚተኩሱት ዓይነት ነው። የቀበሌያችንን ታጣቂዎች አለቃ ፈርቼ ቀድሜ ጠየቅሁት። እስኪያስለው ሳቀ።

«እሱማ ዘነዘና ነው! እኛ ዘነዘና አንመዘግብም። ግዛ፣ ግዛ፤ ቡናም ይወቅጥልሃል።»

ከአማቴ ጋር ሄድን። ሴትዮዋ ጠመንጃውን ከጎተራ ሥር አውጥታ አሳየችን። ባሏ የሞተው መሣሪያ በሚሰበሰብበት በዚያ ሰሞን ስለነበር ፈርታ ደብቃው፣ ባሏ ያለ አንድ ተኩስ ተቀብሯል። ኋላ ነገሩ ሲረግብ ወስዳ ብታሳያቸው ለእሷም ዘነዘና ነው ብለው መለሷት።

«እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ባሌን እንደ ውሻ አልቀብረውም ነበር» አለች።

ዋጋ ስጠይቃት ተቆጣች። «የባሌን ጠመንጃ በብር ሸጬ ብሩን ምን ልለው ነው? ተዝካሩን አላወጣሁም። የተዝካሩን እህል አምጣልኝና ውሰደው።»

ለጠላውም ለእንጀራውም የሚሆነውን ተስማማን። እኔ እንኳ አልተከራከርኩም፤ በተዝካር እህል የሚከራከር ነጋዴ ገበያው ይደርቃል። «እንግዲህ እንሞክረውና» ብዬ ቅል ፈልጌ ከጉቶ ላይ ላስቀምጥ ስል አማቴ ገላመጡኝ።

«ቅሉን ምን ልታደርገው ነው?»

«መምታቱን ልይ ብዬ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ለቅሶ ላይ ማንን ልትመታ ነው? ቄሱን?»

ሴትዮዋ ግን ሌላ ነገር አለች። «መሞከራችሁ ካልቀረ ከደብሩ ሂዱና ባሌ ካረፈበት ፊት ለፊት ሞክሩት።»

በባሩዱ ቀንድ ውስጥ ግማሽ ያህል ባሩድ ነበር። ቆቦቹን ግን ከትንሽ የቆዳ ከረጢት መዳፌ ላይ ብታራግፋቸው ሦስት ብቻ ወደቁ። ሒሳቡ ገባኝ። አንድ ለሙከራ፣ ሁለት ለባልንጀራው። ይህንኑ ላማቴ በጆሯቸው ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ መቃብሩ ከሚታይበት ቆምን። አማቴ ዘንጉን በየአፈሙዙ እየሰደዱ ውስጡ ባዶ መሆኑን አዩ፤ ሁለቱንም አጎረሱ፤ በቀኙ በኩል አንዲት ቆብ ደፉ። ሰደፉን ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰውዬ የት እንደገቡ አላውቅም። ተኮሱ። ጭሱ ሁላችንንም ዋጠን፤ ቁራዎች ከጽዱ ተነሡ፤ ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልቅሶዋን ለቀቀችው። ባሏን እየጠራች «ስማ፣ ተተኮሰልህ» ትላለች።

«በቃ፣ ይሠራል» አልኩ። «እንሂድ፣ ጋሼ።»

አማቴ አልተነቃነቁም። ሴትዮዋም ልቅሶዋን ገታች። ሁለተኛውን እየጠበቀች ነበር።

«ቆቡን አምጣ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ባልንጀራዎ…»

«አንዱ ለጅብ ነው። ያንን ሰው ጅብ ላድርገው? አምጣ ብያለሁ!»

ሰጠኋቸው። ምላጩን ሲስቡት ቆቡ ጠሽ ብሎ ቀረ፤ የግራው አፈሙዝ ዝም። እጃቸውን እንደገና ዘረጉልኝ፤ ፊቴን ግን አላዩኝም። ሦስተኛዋን ሰጠኋቸው። ተኮሰ። ሴትዮዋ እግራቸው ላይ ወደቀች፤ እኔ ደግሞ ሣር ውስጥ ተንበርክኬ የተኮሱትን ቆቦች ለቀምኩ። ለምን እንደለቀምኳቸው ያኔ አላውቅም ነበር፤ ነጋዴ የወደቀ ነገር አይቶ አያልፍም።

ጠመንጃውን ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። ማንኩሳ ስንደርስ «ተቆጣህ እንዴ?» አሉኝ።

«ደክሞኛል እንጂ አልተቆጣሁም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ፍኖተ ሰላምን ሱቅ በሱቅ ጠየቅሁ። ቡሬም ወረድኩ። አንዱ ባለሱቅ የብስክሌት ዕቃ አወጣልኝ። ሌላው «እንዲህ ያለውን ቆብ የሚያውቁ ሰዎች ሞተዋል፤ ሂድና መቃብር ጠይቅ» አለኝ። ከመቃብር መምጣቴን አልነገርኩትም።

መላው የመጣው ሲጋራ ልለኩስ ክብሪት ስጭር ነው። የለቀምኳቸውን ቆቦች በሚስማር ደግፌ ጉድጓዳቸውን አቃናሁ፤ የክብሪት ራስ ፍቄ ሞላኋቸው። ሦስት ቆብ ስለማይታመን ከቆርቆሮ የጥርስ ሳሙና ቱቦ ላይ እየቆረጥኩ፣ በሚስማር ራስ ላይ እየጠቀለልኩ ሌሎች ሠራሁ። ሳሙናውን ሲኒ ላይ ጨመቅሁት። ሚስቴ ሲኒውን አይታ «ይህ ሁሉ ለአባቴ ነው?» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ አልሰደበችኝም። ባዶ ጠመንጃ ላይ ስሞክራቸው አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይተፋል፣ አንዱ ያኮርፋል፤ ልክ እንደ ደንበኞቼ።

ባልንጀራው በሐምሌ ሞተ። ክረምት ለሟችም ለቀባሪም አይመችም። አማቴ ጠመንጃውን በጋቢያቸው ጠቅልለው እንደ ሕፃን አቀፉት፤ እኔ ቆቦቹን በብብቴ ይዤ ተከተልኩ። ሬሳው ከጉድጓዱ አፍ ሲደርስ ሰው ዞር ብሎ አያቸው። ጠመንጃውን ሲያወጡ ከኋላ «ዘነዘናው መጣ» ያለ ሰው ነበር፤ ሌላው «ዝም በል፣ አፍህን ይዝጋው» አለው።

የቀኙ በመጀመሪያው ቆብ ተኮሰ። ሴቶቹ ልቅሶውን አቀለጡት። የግራው ግን ጠሽ አለ። ሌላ ቆብ አቀበልኳቸው፤ ጠሽ። ሌላ። ዝናቡ ጀመረ። ገሳዬን ከራሴ አውልቄ ከጠመንጃው ላይ ያዝኩላቸው፤ ጀርባዬ ላይ የሚወርደውን ውኃ አስታውሳለሁ። ልቅሶው እየሳሳ ሄዶ ቆመ። አካፋ የያዙት ጎረምሶች ያዩኛል፤ እኔ ምን ላድርጋቸው?

ቄሱ ከጥላቸው ሥር ጠጋ አሉ። «አባት፣ አንዱ ይበቃል። እግዚአብሔር ቆጥሮ አይቀበልም።»

«እግዚአብሔር ባይቆጥር እሱ ይቆጥራል» አሉ አማቴ፣ ወደ ሬሳው በአገጫቸው እያሳዩ።

«ኧረ አፈሩ ጭቃ ሆነ!» አለ አንዱ።

«እሱ ሲሞት ቸኩሏል እንዴ? እናንተ ምን ያስቸኩላችኋል?»

ከብብቴ ቆቡ እያለቀ ነበር። ከለቀምኳቸው ከመዳቦቹ አንዷን፣ ከዚያች ሴት ባል መቃብር ፊት የተነሣችውን፣ በሸሚዜ ጠርጌ ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ፍሽሽ አለች። አማቴ አፈሙዙን አላወረዱም፤ ትከሻቸውም አልተነቃነቀም። ያ ፍሽሽታ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰማሁት። ከዚያ ተኮሰ። ጭሱ በዝናቡ ተጭኖ ጉድጓዱ ላይ ተኛ።

«አሁን መልሱበት» አሉ አማቴ፤ አፈሩን ማለታቸው ነው።

ስንመለስ ጠመንጃውን ለእኔ አሸከሙኝ። ብዙ ከሄድን በኋላ «ክብሪቱን ከየት ገዛኸው?» አሉኝ።

«ከራሴ ሱቅ።»

«ለእኔ ጊዜ ሌላ ፈልግ። ይኼኛው ሰነፍ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ለቅሶ አልቀረባቸውም፤ ወገባቸውም ዳነ። የሞት ጥሩምባ ሲነፋ እሳቸው ጋቢያቸውን ይለብሳሉ፤ እኔ ሚዛኑን ትቼ፣ በሩን መለስ አድርጌ፣ የጥርስ ሳሙና ሲኒ ላይ መጭመቅ እጀምራለሁ።