ሁለት ጠብታ እንገር

ትናንት አራስ ጎረቤታችንን ልንጠይቅ ሄደን ገንፎ እየበላን ሳለ፣ የሕፃኑ ከንፈር ላይ ቢጫ ወተት አየሁ። ማንም ሊጠርገው አልተነሣም። ደስ አለኝ፤ ሐሳቤም ወደ ሚዛን ተፈሪ ሄደ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ እዚያ ወጣት የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። ባለቤቴ ብርቱካን ስምንት ወር ሳይሞላት በቀዶ ጥገና ወለደች። ነሐሴ ነበር፤ የሆስፒታሉ መንገድ ቀይ ጭቃ ጫማ ይነቅላል። ልጃችን ጡት ለመሳብ አቅም ስላልነበራት ከእናቷ ለይተው ሞቃት ክፍል አስተኟት።

የብርቱካን እናት እማማ አስካለ ከጌጫ ማርና ቆጮ ይዘው ደረሱ። ነርሷ «የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን አምጡልኝ» ብላ ብትልከኝ፣ ለካ እማማ ቀድመው ከብርቱካን ጡት አልበው ደፍተውታል።

«እድፍ ነው ልጄ፤ ነጩ እስኪመጣ እንጠብቅ» አሉኝ።

አማቴን ለመቃወም አፈርኩና ነርሷን ጠራኋት።

«እማማ፣» አለቻቸው፣ «አራስ ልጅ አፍ ውስጥ ጀርም ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም። እንገሩ ለደጉ ጀርም ቦታ ያበጃል፣ ክፉውን ይከላከላል። መጥባት ባትችልም ጉንጯን ከውስጥ እንቀባላታለን።»

በየዓመቱ ስለ ባክቴሪያ አስተምራለሁ፤ ይህን ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እማማ ወደ ነርሷ ዞሩ። «ስምንት ወልጄ የስምንቱንም ደፍቻለሁ። ሦስቱ በአራስነታቸው ሞቱብኝ። በዚህ ነው?»

ነርሷ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። «አይደለም እማማ። ሕፃን በብዙ ነገር ይሞታል። እርስዎ የሚያውቁትን አድርገዋል።»

እማማ በረጅሙ ተነፈሱ። እጃቸውን ታጥበው ሁለት ጠብታ ማንኪያ ላይ አለቡልኝ። ዝናቡን በመዳፌ እየከለልኩ በበረንዳው ወሰድኩት። ነርሷ በጥጥ እየነካች ስትቀባት ልጄ ምላሷን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ወዲያ በየሦስት ሰዓቱ ተመላለስኩ፤ ወተቱ ሲበዛም በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጧት ነበር። በስድስተኛው ቀን ነርሷ አፏን ከፍታ አየችና «ጥርት ያለ ነው፤ እስቲ ጡት እንሞክር» አለች። ልጄ ሳበች። የእማማን እልልታ የሰማ ሁሉ ከየክፍሉ ብቅ አለ።

እማማ ከዚያ በኋላ ጌጫ ውስጥ ልጅ በተወለደበት ቤት ሁሉ እየገቡ «እንዳትደፉት!» ሲሉ ኖሩ፤ ዕድሜ ጠግበው አረፉ። ስለ ሦስቱ ልጆች ነርሷ «አይደለም» ያለቻቸው ሙሉ እውነት ይሁን አይሁን፣ መጽሐፍ ገልጬ ማየት የምችል መምህር ነበርኩ። እስከ ዛሬ አልገለጥኩም። እማማ ያን ቀን ማታ ደህና እንቅልፍ ተኝተዋል፤ ያ ይበቃኛል።