ሊማሊሞ ላይ የቀረችው «አት»

የተናገራችሁት ቃል ግማሹ እናንተው ጋ ቀርቶ፣ ግማሹ ብቻ ከሰሚው ጆሮ ደርሶ ያውቃል? ደርሶባችሁ ከሆነ ምናልባት ስቃችሁ አልፋችሁት ይሆናል። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ዝም አልኩ። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየቆጠርኩ ይህን ዘልዬዋለሁ። መምህር ነኝና ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ጎንደር ከተማ ያለው ትምህርት ቤታችን ተማሪዎችን ወደ ሊማሊሞ ሊወስድ ተነሣ። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው መንገድ ገደሉን እየተጠማዘዘ ሲያቋርጠው የድንጋዩ ንጣፍ ተደራርቦ ይታያል፤ ለጂኦግራፊ ትምህርት ከዚያ የተሻለ ሰሌዳ የለም። ችግሩ ስልክ ነው፤ ከገደሉ ሥር ኔትወርክ አይሠራም። ስለዚህ አስጎብኚ የሆነ ወዳጄን ለምኜ ሁለት የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ተዋስኩ። መመሪያውንም አነበብኩ። አንብቤ ብተወው ምን ነበረበት? መምህራኑን ሰብስቤ ማሠልጠን ጀመርኩ።

ያንን ቀን ሳስታውስ ፊቴ ይቃጠላል። ሬዲዮውን በአንቴናው አታንጠልጥሉት አልኩ። አንቴናው ሳይገጠም አትናገሩበት፤ ውስጡ ይበላሻል። ከአፋችሁ አንድ ጭብጥ ያህል አርቁት። ፀሐይ ላይ፣ የመኪና መስታወት ሥር አትተዉት። ውሃ ከነካው ባትሪውን አውጥታችሁ ሳታደርቁት ቻርጅ አታድርጉት። ዋናውን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩት፦ ቁልፉን ተጫኑ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆዩ፣ ከዚያ ተናገሩ። የሚቀበለው ሬዲዮ ባትሪ ለመቆጠብ ያሸልባል፤ ለመንቃት ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል። ከቸኮላችሁ የንግግራችሁ መጀመሪያ ይቆረጣል።

ከኋላ የተቀመጡት አያ ታከለ ነበሩ። የአይከል ሰው ናቸው፤ ጡረታቸው የቀረበ የጂኦግራፊ መምህር። ተማሪ ይዘው ከከተማ የወጡ ቀን እንደ ልጅ ይሆናሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን ያህል ከወደድኸው ሽማግሌ እንላክልህ እንዴ?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ አንዱን ሬዲዮ ተቀበሉኝ። «ሸጋ ነው። እኔ ቁልፉን ተጭኜ በልቤ ‹በስመ አብ› እላለሁ፤ ከዚያ እናገራለሁ። ይበቃዋል?»

«ይበቃዋል» አልኩ።

«ይበቃዋል» አለ እጄ ላይ የቀረው ሬዲዮ በሳቸው ድምፅ።

«አያ ታከለ፣ ይተዉ እንጂ!»

«አያ ታከለ፣ ይተዉ እንጂ!» አለ ሬዲዮው።

መምህራኑ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ተናደድኩ። «የሰሙትን መድገም አያስፈልግም፤ ‹እሺ› ብቻ ይበቃል» አልኩ። የሰሙትን መልሶ መናገር ስሕተት የሚያዝበት ወንፊት እንደሆነ መመሪያው ላይ አንብቤ ነበር። አውቅ ነበር። ስለተሳቀብኝ ብቻ ወንፊቱን ወረወርኩት።

ጉዞው ግንቦት መጨረሻ ላይ ሆነ። አያ ታከለ ግማሾቹን ተማሪዎች ይዘው ወደ አንድ ደረቅ ወንዝ አፋፍ ሄዱ፤ እኔ ከቀሩት ጋር ከፍ ብሎ ካለው መንገድ ዳር ቀረሁ። አንተያይም። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው፤ ከበላያችን ባለው ተራራ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ሬዲዮው ጮኸ።

«ወንዙ ደረቅ ነው። ልጆቹ ድንጋዩን ቀርበው እንዲያዩት እንውረድ?»

እኔ ማስረዳት ይዤ ነበር፤ ንግግሬ መሐል ላይ ነበርኩ። ቀና ብዬ ደመናውን አየሁ። ቁልፉን በተጫንኩበት ቅጽበት «አትውረዱ!» ብዬ ለቀቅሁት። ትንፋሽ አልቆየሁም። ደንቡን ያስተማርኩት እኔ፣ እኔው ራሴ፣ አልቆየሁም።

«እሺ» አሉ አያ ታከለ።

ወደ ማስረዳቴ ተመለስኩ።

ደራሹ ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የከባድ መኪና ድምፅ መሰለኝ። ቀጥሎ የልጆች ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ አያ ታከለ ሁሉንም እየገፉ አውጥተው፣ እግሯ ድንጋይ መሐል የተያዘባትን ትዕግሥት የምትባል ተማሪ ከጭቃው ውሃ ሲጎትቱ አገኘኋቸው። ተረፈች። እግሯ ግን ተሰብሮ ነበር፤ ዛሬም ታነክሳለች። ዘለው ውሃው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ሬዲዮውን ደረቅ ድንጋይ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ውሃ እንዳይነካው ብዬ አስተምሬያቸው የለ?

«ምነው ውረዱ አልኸኝ?» አሉኝ።

«አትውረዱ ነው ያልኩት!» ብዬ ጮህኩ። አጠገቤ የነበሩት ተማሪዎች ሁሉ መሰከሩልኝ። ለሳቸው የሚመሰክር አልነበረም፤ ነፋሱ በርትቶ ስለነበር ሬዲዮውን ከጆሯቸው ለጥፈው ብቻቸውን ነው የሰሙት።

በማግሥቱ ሬዲዮዎቹን ለመመለስ ስጠራርግ አንድ ጥርጣሬ ወጋኝ። እኅቴን ሙሉን አንደኛውን አስይዤ ምድር ቤት ላክኋት፤ እኔ ፎቅ ቀረሁ። እዚያ እንዳደረግሁት ቁልፉን ተጭኜ ወዲያው «አትውረዱ!» አልኩ።

«ምድር ቤት ቆሜ ወዴት ልውረድ?» አለች ሙሉ። «ጉድጓድ ልቆፍር?»

እንደገና ተጫንኩ፤ አሁን ትንፋሽ ቆየሁና ያንኑ ቃል አልኩ።

«አሁን ደግሞ ‹አትውረዱ› አልህ። ሐሳብህን ቀየርህ እንዴ?»

አያችሁ? ቋንቋችን ክልከላውን የሚያስቀምጠው ከቃሉ ፊት ነው። «አት» ስትቆረጥ የተረፈው ጎደሎ ቃል አይደለም፤ ራሱን የቻለ ትእዛዝ ነው። አያ ታከለ በትክክል ሰምተዋል። በትክክልም ታዝዘዋል። ልጆቹን ወንዝ ውስጥ ያስገባው የኔ ጣትና የኔ ችኮላ ነው።

ይህን አውቄ ነው የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ፊት የቆምኩት። ምን እንዳልኩ ጠየቁኝ፤ «አትውረዱ አልኩ» አልኩ። ውሸት ነበር? ከአፌ የወጣው ቃል እውነት ነበር፤ እኔ ነበርኩ ውሸቱ። ከአያ ታከለ ጆሮ ምን እንደደረሰ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልነገርኳቸው። የሽማግሌው ጆሮ ደክሟል ተባለ። ተማሪ ይዘው እንዳይወጡ ተከለከሉ፤ ከክፍልም ወጥተው የመጻሕፍት ክፍል ጠባቂ ሆኑ። ተማሪዎች በኮሪደሩ ሲያልፉ «አያ ውረዱ!» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። ሰማሁ። እኔ፣ ሥነ ሥርዓት አስከባሪው እኔ፣ ሰምቼ አለፍኩ።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ያሉኝ ነው። ወደ ጎን ሳብ አደረጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ጆሮህ ደህና ነው አሉኝ። ጆሮዬ ደህና ከሆነ እንግዲያ አእምሮዬ ነው ማለት ነው?» አሉ።

«እርጅና ነው፣ አያ፤ አይጨነቁ» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ መለስኩላቸው።

ዛሬ አይከል ናቸው። በሠርግም በልቅሶም ሰው የነገራቸውን ሁለቴ ያስደግሙታል ይባላል፤ የሰሙትን አያምኑም። ጆሯቸውን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ሥራዬን ፈራሁ፣ ልል እችላለሁ። አልልም። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እናንተን ሳይሆን እሳቸውንና ትዕግሥትን ነው። አይከል እሄዳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን «አያ ውረዱ» የተባሉበት ከተማ እውነቱን ይስማ።

በኔ ቃል ግን አትመኑ፤ ቃሌ ምን እንደሆነ አይታችኋል። ሁለት የእጅ ሬዲዮ ፈልጉ። አንዱን ለምታምኑት ሰው ሰጥታችሁ ራቅ በሉ። ቁልፉን ተጭናችሁ፣ ሳትቆዩ፣ «አትውረዱ» በሉና ምን እንደሰማ ጠይቁት። ደጋግማችሁ ሞክሩት። «ውረዱ ነው የሰማሁት» ካላችሁ ጆሮውን አትጠራጠሩ። የአያ ታከለም ጆሮ ደህና ነበር።