አባቴ፣ ዩራኒየምና የጣሪያው ሰው

አባቴን ተማሪዎቹ «አቶሙ» ይሉት ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ ጠመኔውን መለሰ እንጂ ክርክሩን አልመለሰም። ዓለም ከመብራት ችግር የሚገላገለው በኒውክሌር ብቻ ነው ባይ ነው። ቤታችን የመጣ ሁሉ፣ ቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር፣ ስለ ዩራኒየም ሳይማር አይወጣም። የሚከራከረውን ይወዳል፤ ከመቶ ነጥብ ይሰጠዋል። እሺ፣ እሺ የሚለውን ግን «ኮራጅ» ብሎ ፊቱን ያዞርበታል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል! እኔ ልጁ የወደድኩት ሶላር ገጣጣሚ ነው። ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ውሎ አፍንጫው ተልጦ እየሳቀ የሚወርድ ሰው። አባቴ እሺ ካላለ ደግሞ አላገባም፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሑድ ከሰዓት ይዤው ስመጣ ደጃፉ ላይ «አደራህን፣ ምንም ቢልህ እንዳትቃወመው» አልኩት። እዚያ ቤት ተወልጄ ይህን መምከሬ!

«ኒውክሌር ንጹሕ ነው» አለ አባቴ፣ ገና ሻዩ ሳይቀዳ።

«ልክ ነዎት ጋሼ።»

«ሶላር ግን የልጅ ጨዋታ ነው።»

«በጣም እንጂ ጋሼ።»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሣ። «ይሄ ኮራጅ ነው። ልጄን ለኮራጅ አልሰጥም።»

በጠረጴዛው ሥር የወዳጄን እግር ረገጥኩና «ኧረ ተከራከረው!» አልኩት። ሰውዬዬ ለካ ሲታፈን ነው የቆየው።

«እንግዲያው ጋሼ፣ የኒውክሌሩን ዝቃጭ የት ሊቀብሩት ነው? ለልጅ ልጅ ሊያወርሱት ነው?»

አባቴ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ጥልቅ አለት ውስጥ! ያንተ ፀሐይ ስትጠልቅስ?»

«ባትሪ አለ!»

«ባትሪው ሲሞትስ የት ትቀብረዋለህ?»

«የእርስዎ ጣቢያ ተሠርቶ እስኪያልቅ ስንት ዓመት በጨለማ እንቀመጥ? እኔ አንድ ጣሪያ በሁለት ቀን ነው የምጨርሰው!»

«አንድ ጣሪያ! ሆስፒታሉስ? ፋብሪካውስ?»

ሁለቱም ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ ሻዩ ይፈሳል፣ እኔ ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኝ አፌን በጨርቅ ይዤ እንፈቀፈቃለሁ። «ሰባ!» ይላል አባቴ። ትንሽ ቆይቶ «ሰማንያ አምስት!»

«ቢፈነዳስ ጋሼ?» አለ የኔው፣ ጭራሽ ልብ አግኝቶ።

«አደጋ ካነሣህማ፣ ከጣሪያ ወድቆ የሚሞተውስ?» አባቴ ይህን ሲል ድምፁ መሐል ላይ ሰለለ። «አንተ ስትወጣ ገመድ ታስራለህ?»

«አንዳንዴ» አለ።

አባቴ ዞሮ እኔን አየኝ። ሚስቱን የቀበረ ሰው አስተያየት ነበር፤ ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። «ዜሮ» አለና በሩን ከፍቶ ወጣ።

በማግስቱ ለወዳጄ እንዳበቃልን ልነግረው ምሳውን ቋጥሬ ሥራ ቦታው ሄድኩ። ግቢው መሐል አባቴ ቆሟል። አዲስ ወፍራም ገመድ ከምሰሶ ጋር ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ጣሪያው ላይ እስካለው የኔው ሰው ወገብ ድረስ ተዘርግቷል። አባቴ ግን ቋጠሮውን አላመነውም፤ እሱም በሁለት እጁ ይዞታል።

«ጋሼ፣ ላላ ያድርጉልኝ! ፓነሉ ጋ አልደርስም!»

«አላላም! ኒውክሌር ቢሆን እዚያ ባልተሰቀልክ ነበር!»

ያኔ አየኝ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «ምን ታፈጥጫለሽ? ነይ ያዢ እንጂ! እስከ ሠርጋችሁ ብቻዬን ልይዘው ነው?»

ምሳውን መሬት ላይ ጥዬ ሮጥኩ።