ድምፅ የሌላት አንባቢ

ፍኖተ ሰላም ሳስተምር ፌስቡክ ሰልችቶኝ ነበር። ዜና ላነብ እገባና የሰው ስድብ አንብቤ እወጣለሁ። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ይህንኑ ሳማርር የኮምፒውተር አስተማሪው ባልደረባዬ፣ «ለምን አር ኤስ ኤስ አትሞክሪም?» አለኝ። ስልኬን ተቀብሎ አንድ የማንበቢያ መተግበሪያ ጫነልኝ። «የምትወጃቸውን ገጾች አድራሻ እዚህ ታስገቢያለሽ። አዲስ ነገር ሲጽፉ ራሱ ያመጣልሻል፤ አንቺ እየዞርሽ አትፈልጊም።»

የዜና ገጾች አስገባሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ብሎግ ጨመርኩ፤ ጸሐፊው ቡሬ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ስለ ባላገር ቃላት ይጽፋሉ፤ ስለ በሬ መልክ፣ ስለ ደመና ዓይነት፣ ስለ ቀንበር ዕቃ። አባቴ ሲያርስ በሬዎቹን የሚጣራበትን ቃል ትርጉም ያወቅሁት፣ አባቴ ካረፈ በኋላ፣ ከእርሳቸው ጽሑፍ ነው። ያን ዕለት ማንኩሳ እናቴ ዘንድ እየሄድኩ ነበርና መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

ዜናውን አብዛኛውን ሳልከፍት አጠፋው ጀመር። የእርሳቸውን ግን አንድም አላሳለፍኩም።

ከዚያ ኔትወርክ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ሲመለስ ዜናው እንደ ጎርፍ ወረደ፤ የእርሳቸው ጽሑፍ ግን የለም። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ቀረ። ለፈተና ቁጥጥር ቡሬ ስመደብ እዚያ ያሉትን መምህራን ጠይቄ ቤታቸውን አሳዩኝ።

በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ወንበር አቀረበችልኝ።

«ተማሪዬ ነበርሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፤ አንባቢዎ ነኝ። የብሎግዎ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንባቢ ነበረኝ እንዴ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «አስተያየት የሚጽፍለት አልነበረም» አለችኝ። «ገጹን የከፈተ ሰው አለ ወይ እያለ በየቀኑ ይጠይቀኝ ነበር። በኋላ 'ለግድግዳ ነው የማወራው' አለና ዝጊው አለኝ፤ ከነጽሑፉ አጠፋሁት።»

አር ኤስ ኤስ ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ጽሑፉ እኔ ዘንድ ይመጣል እንጂ እኔ እርስዎ ገጽ ላይ አልመጣም። ስለዚህ አልታይዎትም።»

«መሬትስ ጠጣሁ ብላ ለዝናብ መች ትነግረዋለች» አሉ። ፈገግ ብለው ነበር፤ ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ዓመታት ሙሉ ሳነባቸው «እግዜር ይስጥልኝ» የምትል አንዲት መስመር እንኳ አልላክሁም። መላክ እንደሚቻል አስቤውም አላውቅ።

«እንደገና ይጀምሩ፤ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

«ዓይኔ ደክሟል። ቃሉም እየሸሸኝ ነው፤ ቢሆንም ነይ» አሉኝ።

መኸር ሲደርስ ተመልሼ ሄድኩ። ልጃቸው ጠዋት ጠዋት እንደሚሻላቸው ነግራኝ ስለነበር በማለዳ ደረስኩ። ስልኬን ለመቅዳት ከፍቼ ስለ አውድማ ጠየቅኋቸው። ገለባ ስለሚገለበጥበት መንሽ፣ እህል ለነፋስ ስለሚሰጥበት ላይዳ ነገሩኝ። ከዚያ እህሉ ተበራይቶ ሲከመር ገበሬው በመጀመሪያ የሚለውን ቃል ፈለጉ። ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ፈለጉ፤ አጡት።

«ጽፌው ነበር እኮ» አሉኝ።

አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ። ብሎጉ ግን ጠፍቷል፤ መተግበሪያውም የሚያስቀምጠው የቅርብ የቅርቡን ብቻ ነው፤ የቆየውን ራሱ ያጠፋል። እኔም ቃሉን አላስታወስኩትም።