የጆንያው ዋጋ

ወጋየሁ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ሥራው ምን እንደሆነ የጠየቀው ሁሉ ይስቅበታል። «ኤርኮንዲሽን ነው የምጠግነው» ይላል። በኅዳር ብርድ፣ ላፍቶ ሜዳ ላይ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው ለተከናነበ ሰው እንዲህ ሲባል መሳቁ አይፈረድበትም። ወጋየሁ ግን አብሮ አይስቅም፣ አይቀየምምም። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ሃያ ዓመት የኖረበትን የአሰብ ቤቱን እንዳለ ጥሎ ነው የወጣው። ሚስቱ ጤናዬ ከተቀበረች ገና ወር አልሞላትም ነበር፤ አርባዋን እንኳ ሳያወጣ መቃብሯ እዚያ ቀረ። ሰዎች «እግዜር ያጽናህ» ሲሉት «አሜን» ይላል፣ ሻይ ሲያቀርቡለት «እሺ» እንደሚለው ሁሉ። ብዙ ተተኝቶበት እንደደነዘዘ ክንድ ሆኗል፤ ቢቆነጥጡት አይሰማውም።

አሰብ ላይ ይህ ሥራ ክብር ነበረው። እዚያ ማሽን ከቆመ ሕፃን አይተኛም፣ ሽማግሌ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጠጋኙ እንደ ሐኪም ነው የሚጠራው። የአሰብ ባለሙያዎች ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ማሽኑን ፈትተው ካዩ በኋላ ቤተሰቡን ከነሠራተኛው ይሰበስቡና በምን እንደተበላሸ በሁሉም ፊት ይናገራሉ፤ ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። ጨው በልቶት ከሆነ ጨው፣ ልጅ እርሳስ ከቶበት ከሆነ ልጁ በስሙ ይጠራል። ጥፋተኛው ይሽኮረመማል፣ ቤተሰቡ ይስቃል፣ ገንዘቡም ለምን እንደተጠየቀ ሁሉም ያውቃል። በዚህ የተነሳ ወጋየሁን ማንም ሌባ ብሎት አያውቅም።

አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። እዚህ ኤርኮንዲሽን ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያለውም ማስጠገኛው ስንት እንደሆነ አያውቅም። ደንበኛው እንደማያውቅ የሚያውቅ ጠጋኝ ታዲያ ማሽኑን ሳያይ የግቢውን በር ብቻ አይቶ ዋጋ ይቆርጣል። ወጋየሁ ማሽኑ ውስጥ የሚሞላውን ማቀዝቀዣ ጋዝም ቢሆን መርካቶ መለዋወጫ ከሚሸጠው ከሰዒድ ሱቅ ነው የሚገዛው። ሰዒድ ደግሞ ዕቃ በጅቡቲ ዞሮ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ወጋየሁ በሄደ ቁጥር አዲስ ዋጋ ይነግረዋል፣ አዝኖለት እያንገራገረም ቢሆን ይጨምራል። አዲስ ሞተር ስለማይገኝ ከተጣለ ማሽን የተፈታ ነው የሚገጠመው። ሞተር ደግሞ እዚህ ቶሎ ይቃጠላል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ አይጣል ነው። ለቡ መብራት ኃይል በሚባል ሰፈር ተቀምጦ ለሻማ የሚወጣውን ወጪ የሚያማርር ሰው ስንቱ ነው።

ወደ ለቡ የላከውም ሰዒድ ነው። ሙሉመቤት የምትባል የጨርቅ ነጋዴ እዚያ ቪላ አላት፤ የቀድሞው ፈረንጅ ተከራይ መስኮቱ ላይ ያስገጠመውን ማሽን ትቶላት ሄዷል፤ ከዚያ ወዲህ እሷው ከትንሽ ልጇ ጋር ገብታበታለች። አሁን ሌላ ፈረንጅ ቤቱን አይቶ ወዶታል፣ ግን ማሽኑ ካልሠራ አልከራይም ብሏል። በዚያ ንፋስ በሚያፏጭበት ሜዳ ላይ ማቀዝቀዣ ለምን እንዳስፈለገው እሱ ያውቃል። ለእሱ ለማሳየት ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ዋለና ማታ ላይ ሽታ አውጥቶ ቆመ።

በሩን የከፈቱለት አባባ ነገሪ ናቸው። ቪላው የቆመበት መሬት ድሮ ጤፍ የሚዘሩበት ማሳቸው ነበር። መሬቱ ሲሄድ እሳቸው በዘበኝነት እዚያው ቀሩ፤ በማሳቸው ጫፍ ላይ በቆመች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያድራሉ። ሙሉመቤት በልጃቸው ዕድሜ ሆና «አንተ ነገሪ» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም «አቤት እትዬ» ይሏታል።

ወጋየሁ በጓሮ በኩል ዞሮ የማሽኑን ጀርባ ሲያይ ብዙ መመራመር አላስፈለገውም። ቀዳዳው በሙሉ በጆንያ ተጠቅጥቋል፣ ከላዩም ላስቲክ ታስሮበታል። ፈትቶ አወጣው። አባባ ነገሪ ዱላቸውን ተደግፈው ያዩታል።

«በምን ተበላሸ?» አለች ሙሉመቤት ከቤት ወጥታ።

ወጋየሁ እንደ አሰብ ልማዱ «አባባ፣ እርስዎም ይጠጉ» አለ። ሽማግሌው ተጠጉ።

«ማሽኑ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዚህ በኩል ነው» አለ ወጋየሁ። «እዚህ ላይ ጆንያ ተወትፎበታል። መተንፈሻ ሲያጣ ሞተሩ ተቃጠለ።»

«ማነው የወተፈው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባባ ነገሪ።

የሳቀ የለም። ወጋየሁ ዋጋውን ጠራ፤ ሞተሩ፣ ጋዙና የእጅ ዋጋው ተደምሮ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር መጣ። ሙሉመቤት ጆንያውን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«መብራት ቢሆን የአምላክ ቁጣ ነው ብዬ እከፍል ነበር» አለች። «ነገሪ፣ እኔ ጋ ያስቀመጥከው ደሞዝህ ለዚህ ይውላል። ቅዳሜ ሌላ ዘበኛ ይመጣል።»

«እሺ እትዬ።»

ወጋየሁ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። የሰው እንጀራ ሲዘጋ ፊት ለፊት ቆሞ አይቷል፣ ግን ምንም አልተሰማውም። እንዲያውም በሆዱ የሚያሰላው የሰዒድን ዋጋ ነበር። አባባ ነገሪ ቀድመውት ደርሰው በሩን ከፈቱለት።

«ልጅቷ ክረምቱን ሙሉ ስትስል ከረመች» አሉት። «በዚያ ቀዳዳ ብርድ ይገባል፣ ድፈነው ያሉኝ እትዬ ናቸው። ደፈንኩ። ከዚያ ወዲህ አንሳው ያለኝ የለም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯትም?»

«እሳቸው ረስተውታል። እኔ ነኝ የማስታውሳቸው?» አሉ። «አንተም ከቤትህ የተነቀልክ ሰው ነህ ሲሉ ሰምቼ ነበር። መብራት ነው ብትል ምን ነበረበት? ሁሉም መብራት ነው ይላል።»

የቁጣ ድምፅ አልነበረም። የታክሲ ዋጋ የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት። ወጋየሁ በሩን ሳያልፍ ተመለሰና ሙሉመቤትን ከበረንዳው ላይ አስቆማት።

«ተሳስቻለሁ መሰለኝ» አላት። «ሞተሩን ያቃጠለው መብራቱ ሳይሆን አይቀርም።»

«አቶ ወጋየሁ፣ ጆንያውን እኮ በዓይኔ አየሁት። ሽማግሌው አሳዝኖዎት ነው። እኔንም ያሳዝነኛል፣ ግን ይህን ተከራይ ባጣ ለእኔ ማን ያዝንልኛል?»

«ድፈነው ያሉት እርስዎ እንደሆኑ ያስታውሱ ይሆናል።»

ሙሉመቤት አሰበች። እንዳስታወሰች ከፊቷ ያስታውቃል።

«ንፋሱን ድፈን አልኩት እንጂ ማሽኑን ድፈን አልኩት?» አለች።

«እንግዲያው የእጄን ዋጋ ይተዉት። ለእሳቸው ይመልሱላቸው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ቅናሽ ያደረገላት መስሏት ወይም እንዲመስል ፈልጋ፣ ያን እሷ ታውቃለች። ስለ መመለሱ ምንም አላለችም።

ዓርብ ዕለት ወጋየሁ ሞተሩን ይዞ መጣ። ገጥሞ ሲጨርስ ማሽኑን ወደ መስኮቱ ለመመለስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበርና አባባ ነገሪ ሳይጠሩ መጥተው አንዱን ጎን ያዙ። የመጨረሻ ቀናቸው ነው። «ያዙት?» አለ ወጋየሁ። «ያዝኩ» አሉ። እስከ መጨረሻው ተሸከሙት።

ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ገቡ። አባባ ነገሪ በዚያ ቤት ምንጣፍ ላይ ሲቆሙ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀዋል። ወጋየሁ ማሽኑን ከፈተው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው ቀዝቃዛውን አየር ነኩት።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ይሄማ ውጭ አለ» አሉ አባባ ነገሪ፣ ከልባቸው ገርሟቸው። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን ሰበሰቡና ጋቢያቸውን ሊያነሱ ወደ ቆርቆሮ ቤታቸው ሄዱ። ፉሪ የሚኖር ልጅ አላቸው፣ ከእሱ ዘንድ ሊጠጉ ነው።

ሙሉመቤት ማሽኑን ደጋግማ ከፍታ ዘጋች። ደስ ብሏታል። ገንዘቡን የእጅ ዋጋውን ቀንሳ ሰጠችው፤ ወጋየሁም ሳይቆጥር ኪሱ ከተተው። ለአባባ ነገሪ ምን እንደሰጠቻቸው አልጠየቃትም፤ መጠየቅ ነበረበት፣ ግን መልሱን ፈራው።

የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ ሲወጣ የቆርቆሮው ቤት ተከፍቶ ባዶውን ነበር። አሁን ተሰማው። ሐዘን ይመጣል ብሎ ነበር ስንት ወር የጠበቀው፣ የመጣው ግን እፍረት ነው፣ እሱም ፊቱን እስኪያቃጥለው ድረስ። አሰብ ላይ ሁሉንም ሰብስቦ ሲናገር ሰዎቹ ይስቁ የነበሩት ማንም ከቤቱ እንደማይባረር ስለሚያውቁ ነው፤ ይህን እስካሁን አስቦት አያውቅም ነበር። ትልቁን የብረት በር ስቦ ወጣ። የሚዘጋለት ሰው ስላልነበረ ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠና በሁለት እጁ ራሱ ዘጋው።