ኮፈኑ

የስቱኮ ሽታ አልወድም። ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ባቲላሜራው መዶሻውን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ኮፈኑን እንደ ኦርጅናሉ ላቅናው ወይስ እንደጎደጎደ ይቅር?» አለኝ።

ላንድሮቨሩ የአባቴ ነበር። በአገራችን ወግ የሟች ፈረስ ተጭኖ ለቅሶ ላይ ይወጣል፤ አባቴ ሾፌር ነበርና መኪናው ወጣለት። እናቴ የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኑ ላይ ተደፍታ በክርኗ ደበደበችው፤ ላሜራው ጎደጎደ። ከአርባው በኋላ አጎቴ ስቱኮ በጥብጦ ሊሞላው ሲመጣ፣ አያቴ መሪጌታው በመቋሚያቸው ከለከሉት።

«እናንተ ኮፈን ትሉታላችሁ፤ ለእኔ ከፈን፣ የሟች መግነዝ ነው። ከፈን ደግሞ አይጠገንም» አሉ።

ባቲላሜራው መልሴን ይጠብቃል። እናቴ ጋቢና ተቀምጣለች፤ ካረጀች ወዲህ የአባቴን ስም እንኳ ረስታለች። በመስታወቱ አሻግራ ጎድጓዳውን አየችና፣ «ምን መትቶት ነው ልጄ?» አለችኝ።